ወስላታ

ጦሳ በጉም ታጥሮ፣ ቆርቆሮው ሲያነባ፣
ከሳሽ ከተከሳሽ በአንድ ጥላ ገባ።
እኔ ጸሐፊው ነኝ፤ የተባለውን ቃል
ቢጎረብጥም እንኳ ብዕሬ ይጽፈዋል።

«ስም?» «ይመር ሙሄ፤ ልብስ ሰፊ፣ ሸዋ በር።»
«ክስህ?» «ሰው በሞላበት፣ ከሱቄ ደጃፍ በር፣
‹ወስላታ› አለችኝ።»
ተከሳሽ ዘምዘም አበጋዝ፣ በርበሬ ሻጭ፣
ሻሿን ጠበቅ አድርጋ «ብያለሁ» አለች።

ሰብሳቢው መነጽሩን ወደ ግንባሩ ሰቅሎ፣
«የቃሉ ፍቺ ይጣራ፤ ምስክር ይግባ!» ብሎ
ወደ በሩ ጮኸ።

የመጀመሪያው ረዳት ነው፣ ከኮምቦልቻ መስመር፦
«ይሄ ስድብ ነው ጌታዬ? እኛ ጋ'ኮ ሥራ ሲጀመር
‹አንተ ወስላታ፣ አለህ?› ነው፤ ‹አለሁ፣ አንተ ወስላታ!›
እንዲያ ካላለኝ ያን ቀን፣ ታሟል፤ ወይ አለበት ቅሬታ።»

ቀጥለው አያ እንድሪስ፣ ከዘራቸውን ተክለው፦
«ወስላታ» አሉ፣ «መንገዱን እያወቀ ጥጉን ጥጉን የሚሄደው፤
ቁና ሲሰፍር አውራ ጣቱን ከውስጥ የሚረሳው፣
‹ነገ› እያለ ማክሰኞን ለሐሙስ የሚያወርሰው።
ሌባ አይደለም፤ ሌባስ ሌሊቱን ይደክማል፤
ወስላታ ቁጭ ብሎ፣ ሻይ እየጠጣ ይወስዳል።»

«እኔ የማውቀው» አለች ሦስተኛዋ፣ ሕፃን አዝላ፣
«ይሄን ነው፤ ጠግቦ ሲያበቃ የሚያለቅሰውን እንደገና ሊበላ።
ወስላታ! እለውና እስመዋለሁ።
ባሌንም እለዋለሁ» ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣
«እሱን ግን ስል አልስመውም፤ የሚገባው ነው ሲነጋጋ።»

እጽፋለሁ። ገጹ ሞላ፤ ገለበጥኩት።
አንድ ቃል፣ ሦስት ፍቺ፤ አራተኛውን ጠበቅሁት።

«እንግዲህ ይመር፣ ካሳ የሚያስከፍል የትኛው ነው?
በየትኛው ሰደበችህ?» ሰብሳቢው ጠየቀው።

ልብስ ሰፊው ዝም አለ። በአውራ ጣቱ
መርፌ የበሳውን ጣት እያሸ፣ ቆየ አንደበቱ።
«ጌታዬ፣ ዘጠኝ ዓመት ብላኛለች፤ ቃሉን ለምጄዋለሁ፤
ቀሚሷ ቢዘገይ፣ ቁልፉ ቢጎድል፣ ‹ወስላታ› ስትል እስቃለሁ።
እሷም ትስቅ ነበር።
ያን ቀን ግን
አልሳቀችም።»

እስክሪብቶዬ ቆመ። ቅጹ ላይ ስም አለ፣ ቀን አለ፣ አድራሻ፤
ለሳቅ የሚሆን መስመር የለም፤ ላልተሳቀ ሳቅ ማስታወሻ።

ዘምዘም መሬት መሬቱን አየች። «ጨርቁ የእናቴ ነበር፣
ከሳጥኗ የተረፈኝ።
ግማሽ ክንድ ጎደለ። ግማሽ ክንድ።
እሱ ነው ያላሳቀኝ።»

ይመር ከኮቱ ኪስ አንድ ቁራጭ አወጣ፣
አራት ጊዜ የታጠፈ፣ ጠርዙ በእጅ የተዘመዘመ፤
ጠረጴዛው ላይ አኖረው፣ ቃል ከአፉ ሳይወጣ።
ረስቼው ነው አላለም። ወስጄው ነው አላለም።
ምን ብዬ ልጻፍ?

ነገሩ ለሐሙስ ተቀጠረ።
(አያ እንድሪስ ሳል አመጣቸው።)

ጥላው አንድ ነበርና አብረው ወጡ ወደ ደጅ፤
ደረጃው ላይ «ወስላታ!» ስትለው ሰማኋት እንጂ፣
ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድብ
ሳቀች፣ አልሳቀችም፣
መለየት አልቻልኩም።
መዝገቡን እንደተከፈተ ተውኩት።