በጥርስ ብሩሽ

ኤሉኔድ ወንዝ ዳር ተንበርክካ ውላ
ድንጋይ ትቦርሻለች እጅጌዋን ጠቅልላ፤
እንደ ሕፃን ጥርስ በቀስታ ፍቃ
ቡናማ አተላውን ብልቃጥ ውስጥ ጨምቃ።
ባልዲ ተሸካሚው፣ ቁጥር ጻፊው እኔ፣
ፖስታ ሳድል ኖሬ ያለቀ ዘመኔ።

«የሙዚየም ሥራው የሞተ መጠበቅ፣
ምን ይባላል» አልኳት «ወንዝ ለወንዝ መማቀቅ?»
ምንም አልመለሰች፤ ጓንቷን አወለቀች፣
ከጠጠር ሥር አንዲት እጭ በጣቷ አወጣች፤
ሦስት ጭራ ያላት፣ ስንዴ የምታክል።
«ይቺ ካለች» አለች፣ «ውሃው ይተነፍሳል።
ከላይ ከገባሩ ግን ከጠፋች ቆየች።»
ከዚያ ወደ ጋራው በአገጯ አሳየች።

ጋራውን አውቃለሁ። አያቴ ቆፍሮታል፣
እርሳስ አውጥቶበት ስምንት ልጅ አብልቷል፤
ጉድጓዱ ተዘግቶ፣ ቁልፉ ተረስቶ
ዛሬም ዝገት ይወርዳል ከዝናብ ጋር ተነስቶ።
የሞተ ሰው ላብ ነው፣ ማን ይጠይቀዋል?
ለካስ የሰው ላብም ቁልቁል ይወረሳል።

ቅዳሜ።
አዳራሹ ሞልቶ ዣንጥላና ጭቃ፣
ከአሸዋው ተራራ፣ ከኔስታ እጅ ፈልቃ
አንዲት ሰማያዊ የቀለም ጠብታ
ሁለት መንደር አልፋ፣ ድልድዩን ረትታ
ባሕሩ ዳር ደርሳ ትሪውን አቀለመች።
«የኛን ቤት ነክታለች!» ብላ ልጅቷ ጮኸች።

ያን ጊዜ ጉዊሊም በግ አርቢው ሰው ገባ፣
በዌልስ ዝናብ የራሰው ካፖርቱ እያነባ፤
«እንጆሪ» የሚል ጽሑፍ ገና ያልለቀቀው
የማርማላታ ጠርሙስ በእቅፉ የሸሸገው።
«በጎቼ» አለ «እምቢ አሉ። ይጠጣል? አይጠጣም?»
ኤሉኔድ ቀና አለች፦ «ሳልለካ አላውቅም።»

አንድ ጠብታ ወስዳ ከመስታወት አኖረች፣
ማይክሮስኮፑን ለእሱ ዝቅ አድርጋ ሰጠች።
ዲያቶም ይሏቸዋል፣ የመስታወት ጀልባዎች፣
ዓይን የማያያቸው የወንዝ ነዋሪዎች፤
ቀጥ ማለት ሲገባቸው ወገባቸው ጎብጦ።
«እንደ እኔው» አለና ሳቀ፤ ሳቁ ተቋርጦ፦
«ብረቱ ነው ያጎበጣቸው?»
«ይመስለኛል» አለች።
ቀና ሳይል ቆየ።

ጠርሙሱ አሁን ቁጥር አለው፤ ከቅሪተ አካል ጎን፣
ጽፌበታለሁ ስሙን፣ ማሳውን፣ ቀኑን፤
«እንጆሪ» የሚለውን ልልጠው ስል ከለከለች፦
«እሱም መረጃ ነው፣ ተወው እንዳለ» አለች።

ማክሰኞ ዕለት ከሱ ጅረት ሦስት ሆነን ወረድን፤
ከኤሉኔድ ሻንጣ ብሩሽ ተቀበልን።
ውሃው በጣም ቀዝቃዛ። አያቴን አሰብኩት።
አንድ ጥቁር ድንጋይ አነሳሁ። ቦረሽኩት።