ባለቤት

ሪየካ ላይ ዝናቡ ሦስተኛ ቀኑን ያዘ፤
የወደቡ ክሬን አንገቱን ደፍቶ ፈዘዘ።
እኔም ሦስተኛ ቀኔ፣ ከዚህ ሳጥን ፊት፣
የፎቶ ማኅደርህን ሳንኳኳ፣ ዝቮንኮ፣ ቀንና ሌሊት።
ስነካው ብልጭ ይላል፣ ጥቂት ያንሰራራል፣
ጥርሱን ነክሶ ደግሞ ተመልሶ ይተኛል።
«ሊከፈት አልቻለም»፤ ይኸው ነው የሚለው፤
ለምን ብዬ ብጠይቅ ሰበብ እንኳ የለው።
አጠፋሁት፣ አበራሁት፣ ገመዱን ነቀልሁት፤
መጀመሪያ ለመንሁት፣ ኋላ ግን ሰደብሁት።

ላቭሮ ከላይ ፎቅ ወረደ፣ የመርከብ ትምህርት ቤቱ ልጅ፣
እርጥብ ጫማውን በራፍ ላይ ጥሎ።
«ሁለቱን ቁልፎች ተጭነው ይክፈቱት» አለኝ፣
«ልጠግነው ወይ ብሎ እስኪጠይቅዎ።»
ጠየቀኝ። አዎ አልኩት።
የጥገናው መስመር ሲሳብ፣ ሲሳብ አመሸ፤
ዘጠና ላይ ደረሰና እግሩ ተልፈሰፈሰ።
ሾርባዬ ገነፈለ፣ ሬዲዮው ዜናውን ጨረሰ፣
እሱ እዚያው ነው።

«ቦታ ጠቦት ይሆን?» ደረሰኞችህን ጣልን፣
የሞተር ካታሎግ፣ የከሰረው ማኅበር ቃለ ጉባኤ።
ምንም።
በመጨረሻ ልጁ አንዲት ጠባብ መስኮት ከፍቶ
ማንበብ ጀመረና ተወው።
«ምንድን ነው?»
«ፈቃድ ነው፣ ወይዘሮ ነቬንካ። ኮምፒውተሩ የሚለው፣
እርስዎ ባለቤቱ አይደሉም ነው።»

ሠላሳ ስምንት ዓመት ካንድ ድስት የበላሁ፣
የናፍጣ ሽታህን ካንገትጌህ ያጠብሁ፣
በሚያዝያ፣ በዚያ ንፋስ፣ አፈር ያለበስሁ፣
ባለቤቱ አይደለሁም!
«ባለቤት፦ ዝቮንኮ» ብሎ ጽፏል፤
ለዚህ ሳጥን መርዶህን ማን ደፍሮ ያረዳዋል?

«ስማቸውን ላጥፋና የእርስዎን ልጻፍ?»
ተው፣ አልኩት። ከስሙ ሥር አስገባኝ፤
እሱን አታስወጣው።

የይለፍ ቃል ጠየቀን። የልደቴን ቀን ሞከርን፤ እንቢ።
የጀልባህን ስም፤ እንቢ።
ከኩሽናው ግድግዳ ላይ በእርሳስ የጻፍኸውን
የዚያን የማይነሳ ሞተር ቁጥር፤
ገባ።

ባሕር የለ፣ ሠርግ የለ፣ ልደት የለ።
ካርቡራተር። ጥርሱ የረገፈ ማርሽ።
ጋዜጣ ላይ በተራ የተደረደረ ብሎን።
ከመፍታትህ በፊት ሁሉን ታነሳ ነበር፣
«ስገጥመው እንዳይጠፋኝ» እያልህ፤
አሥራ አራት ሺህ ጊዜ።

ልስቅ ስል ላቭሮ መስታወቱን በጣቱ ነካ፤
«ይቺ እጅ የማን ናት?»
ከፎቶው ጥግ ላይ፣ ባትሪ የያዘች፣
አውራ ጣቷ የተላጠ፣ ቀለበቷ ዘይት የጠጣ፣
አንዳንዴ ደብዝዛ፣ አንዳንዴ ግማሽ ብቻ፣
«ወደ ግራ፣ ትንሽ። እንዲያ። አትነቃነቂ» የምትላት።
በሚቀጥለውም አለች። በሚቀጥለውም።

ከሥሩ ያረረውን ሾርባ ጨለፍሁለት፤ በላ።
«ነገ ሌላ ዲስክ አመጣና ቅጂ እናወጣለን» አለ
ጫማውን ሲያጠልቅ፣ «ዛሬ ግን እንዳይዘጉት።»

አልዘጋሁትም።