ፍሬን

ቀይ መብራቱ ሲበራ ጉሮሮውን ይጠርጋል፣
ሦስት ጊዜ፣ ሁልጊዜ ሦስት፣ ከዚያ «ቆይ» ይላል።
ሰላምታ አልነበረውም፤ «ቆይ» ነበር ሰላምታው፣
ሐሙስ ማታ በሁለት ሰዓት፣ አዳማ ስትሰማው።
እኔ ከመስታወቱ ወዲህ፣ ጆሮዬ ላይ ማዳመጫ፣
ጣቴ ስር አንዲት ቁልፍ፣ የሳሉ መቁረጫ።
አሥራ አንድ ዓመት ቆረጥኩለት።
አንድም ቀን አልተስማማሁለት።

በዳሳ ወርዶፋ።
አባቱ የምድር ባቡር ሰው፣ ፍሬን ያዥ፣ ጉልበተኛ፣
የአዋሽን ቁልቁለት ሲጠብቅ የሚያነጋ፣ እንደ ዘበኛ።
«መንዳትማ ማንም ይነዳል» ይለው ነበር ልጁን፣
«ማቆም ነው የሚከብደው፤ እሱን ተማር፣ እሱን።»

ወንጂ ስኳር ፋብሪካ ጸሐፊ ሆኖ ገባ፤
አብዮቱ ሲመጣ ከነሰልፉ፣ ከነአበባ፣
በፋብሪካው ጋዜጣ አንዲት መስመር ጻፈ፦
«ቆይ፤ ጣራውን ሳናነሣ፣ ክረምቱ አለፈ?»
ለዚህች ለአንዲት መስመር ሦስት ክረምት ታሰረ፣
በሚያፈስ ጣራ ሥር፣ ጠብታ እየቆጠረ።

ሲወጣ ፖስታ ቤት ጀርባ ደብተር፣ እስክሪብቶ ሸጠ፤
እሱ ደብተር ሲሸጥ መንግሥት ተለወጠ።
እነዚያ «አድኃሪ» ያሉትን፣ እነዚህ «ናፋቂ» አሉት፤
ታፔላ ሊያደርጋቸው ሲል ጎረቤቶች ከለከሉት።
ወጣቶቹ ደግሞ «ፍሬን» አሉት፣ ሊሰድቡት።
ሰማ። ሳቀ። ጉልበቱን በመዳፉ መታ፦
«የአባቴን ሥራ ነው የሰጣችሁኝ፣ በነጻ፣ በስጦታ!
ቁልቁለቱ ሲጀምር ትፈልጉኛላችሁ፣ አንድ ማታ።»

ጋሪ ከአስፋልት ይውጣ ሲባል ሁለት ሐሙስ ተሟገተ፦
«ስንት ልጅ በዚህ ፈረስ ጀርባ ፊደል ተመለከተ!»
ጋሪው ወጣ።
በሦስተኛው ሐሙስ በባጃጅ መጣ፣
አቧራ ለብሶ፣ አንገቱን ደፍቶ፣ እንደ ሌባ፤
«ዝናብ ነበር» አለኝ። አዳማ? በጥር? ብዬ ሳልጨርስ ገባ።
ኮረብታው ላይ ያለው ነፋስ መብራት ይሆናል ሲሉ፣
«የአዳማ ነፋስ ቆርቆሮ እንጂ ምን ያነሣል?» አለ።
ተሳሳተ። ክንፎቹ ይኸው ይዞራሉ።

አንድ ሐሙስ፣ ይህን አልረሳም፣
ርዕሱ «ሴትና የሌሊት ሥራ» ነበር።
«ሴት ልጅ በጨለማ መንገድ...» ብሎ ሲዘረዝር፣
መስታወቱ ማዶ ነኝ፤ ድምፁን የምሸከመው እኔ፤
አንዲት ቁልፍ ብጫን ጸጥ ይላል፤ አልተጫንኩም፣ ወይ እኔ!
ሲጨርስ፣ «ማህፉዛ፣ ድምፄ እንዴት ነበር?» አለኝ።
«ድምፅዎ ጥሩ ነው» አልኩት። ያን ቀን ብቻ አንቱ አልኩት።

ከዚያ ወዲያ ማንም ሳይለምነው፣ ማንም ሳያዘው፣
ሥራዬን ጨርሼ ስወጣ በር ላይ ነው የማገኘው፤
ባጃጁ እስኪመጣ፣ ከዘበኛው ጋር፣ ኮቱን ትከሻው ላይ።
አስተያየቱን አላጠፈም። አልጠበቅሁም አልልም፤ ቆይ፣
እውነቱን ልናገር፤ ጠብቄ ነበር፣
ስምንት ዓመት፣ አንዲት ቃል። ዝም ብሎ ይቆም ነበር።

በሰኔ ሞተ። «መታሰቢያ ሥሪ፣ ግማሽ ሰዓት» አሉኝ።
ያለውን ሁሉ መልሼ ሰማሁ፤ ግማሹ አበሸቀኝ፤
ግማሹ፣ ለማን ልንገር፣ ትክክል ነበር፤
ቦዩ ላይ ቤት ሲሠራ፣ ጎርፉ ገና ሳይመጣ፣
«ውሃ መንገዱን አይረሳም» ይል ነበር።

ከዚያ አንድ ፋይል ከፈትኩ፣ ስም ያላወጣሁለት፣
የአሥራ አንድ ዓመት ሳሉን የሰበሰብኩበት፤
ለምን እንዳልጣልኩት አትጠይቁኝ።
ወንበሩ ሲንቋቋ፣ ወረቀቱ ሲገለጥ፣
ትንፋሹ፣ ቃል ሳይሆን በፊት፣ ጥርሱ ውስጥ ሲያመልጥ።

ሐሙስ ማታ በሁለት ሰዓት ቀይ መብራቱን አበራሁ፤
ከንግግሩ ሁሉ በፊት ጉሮሮውን አሰማሁ፤
ሦስት ጊዜ፣ ሁልጊዜ ሦስት።
በመስኮት አየሁ፦ አንድ ባጃጅ፣ ሬዲዮው እንደተከፈተ፣
በባዶ መንገድ፣ በሜዳ፣ አንድም ቁልቁለት ሳይኖር፣
ፍሬን ያዘ።