የማሰሮ ክዳን

ሸዋ በር፣ ከልብስ ሰፊው ጎን፣ በአንዲት ጠባብ ሱቅ፣
የሰው ሰዓት ፈትቼ የምውል፣ የራሴን ሳላውቅ፣
ዝናብ ባረፈደው በአንዱ ማክሰኞ
እመት ዘይነባ መጡ፣ ከባቲ፣ ከሰኞ።
በሻሽ የተቋጠረ ክብ ነገር አውጥተው፣
‹‹ሰዓት ከሆነ አድሰው፤ ካልሆነም መዝነው፤
ቁራሌው በኪሎ ሁለት መቶ ብሏል፤
እርጎ ማሰሮዬን ሠላሳ ዓመት ከድኗል።››

አበስኩት በቤንዚን። አረንጓዴው ዝገት
በጨርቁ ሲመጣ፣ ሲገፈፍ ያ ቅባት፣
መጀመሪያ ፊደል፣ የአረብኛ ጽሑፍ፣
ቀጥሎ ቀለበት፣ እንደ ሸረሪት ጥልፍ፣
ቀጥሎ እንደ ግራር እሾህ ቀጫጭን ጫፎች፣
በየጫፉ ሥር ደግሞ የኮከብ ስሞች።

‹‹ሰዓት አይደለም›› አልኳቸው። ‹‹ወይም ነው። አላውቅም።
ልብ የለው፣ ጥርስ የለው፣ ቢያዳምጡት አይቆጥርም።
ሰው ወደ ላይ አንጠልጥሎ ይዞት በአውራ ጣቱ፣
በዚህች ቀዳዳ ፀሐይ ከገባች በጠዋቱ
እሱ ይነግረዋል፣ ስንት እንደሆነ ሰዓቱ።››

ሳቁ። ‹‹አባቴ ያለ ዕቃ ነበር የሚያውቅ፤
ጥላውን በእግሩ ሰፍሮ፣ ከደጅ ሳይርቅ።
ስድስት እግር ተኩል ሲሞላ አዛን ይላል፤
የማዶው መሪጌታም በዚያው እግር ይቆጥራል።
ይሄ ያያቴ ነው፣ የጦይብ፤ በግመል ከታጁራ።
ባለ ጀልባው ሰውዬ ዕዳው ሲከብደው፣ ሲፈራ፣
ለቡና ዋጋ ሰጠው። ባሕር ለሌለው አገር
የባሕር ዕቃ ምን ሊሆን? ሐይቅን ሊሻገር?
ይኸው ማሰሮ አገኘ፤ እሱም ወደብ ሆነ፤
ድመት ያልደፈረው እርጎ በሱ ተከደነ።››

ማታ ሱቁን ዘግቼ፣ በአጉሊ መነጽሬ
ውስጡን ስመረምር፣ አጎንብሼ አድሬ፣
የሆዱን ሳህን አየሁ፤ የተቀረጸው ለዘቢድ፣
በአሥራ አራት ዲግሪ፣ በየመን ሰማይ ልማድ።
እኛ ግን አሥራ አንድ ነን። ሦስት ዲግሪ ዝቅ።
የሰሜኑ ኮከብ እዚህ ያጎነብሳል፣ ጋራ ሥር ሊደበቅ።
ውሸታም ነው፣ አልኩ። ውብ፣ ግን ውሸታም።
ለሌላ ሰው እውነት፤ ለእኛ አይስማማም።

ከዚያ ሳህኑን ገለበጥኩ። ጀርባው ባዶ መስሎ፣
ብርሃን በጎን ሲመታው፣ ጭረት አለው ተስሎ፤
የሠሪው እጅ አይደለም፤ የሠሪው ቀጥ ያለ፤
ይሄ ግን ይንቀጠቀጣል፤ አንዳንዱ መስመር ጎደለ።
በሚስማር፣ በሰንጢ ጫፍ፣ ወይ በወስፌ ነው፤
ማን ያውቃል፣ ስንት ክረምት፣ ስንት በጋ ፈጀው።
አንድ ሰው፣ እዚህ ቆላው፣ ወይ ደጋው ላይ ሆኖ፣
ሰማዩን እንደ አዲስ ለካ፣ በገዛ ዓይኑ ታምኖ።
አሥራ አንድ ብሎ ጻፈ። ከሥሩ፣ በዐጀሚ፣
ሁለት የአማርኛ ቃል፣ ያለ ፈራሚ፦
‹‹ለዚህ ቀዬ።››

ጥላ ሰፋሪው ይሆን፣ ያለ ዕቃ የሚያውቀው?
ወይስ ከሱ በፊት ሌላ? ማን ስሙን ሊጠይቀው።

በማግሥቱ መጡ። ‹‹ተሠራ?›› አሉ ገና ከደጅ።
‹‹ቀድሞ ተሠርቶ ነበር፣ በማላውቀው እጅ።››
መነጽሩን ሰጠኋቸው። ዓይናቸውን አጥብበው
ጭረቱን አዩት፣ አዩት፤ በጣታቸው ዳሰው፣
‹‹ይሄንንማ፣ በአሸዋ ስፈትግ፣ ዕቃ ሳጥብ፣
የጫርኩት እኔ መስሎኝ፣ ስንት ዓመት ሳስብ…››
አልጨረሱም። ሻሹን ደግመው ቋጠሩና፣
ዕቃውን ደረታቸው ላይ አጥብቀው ያዙና፣
በሩ ላይ ዞሩ ደግሞ፤ ‹‹እርጎዬስ? በምን ይከደን?››
ከሞተ የግድግዳ ሰዓት ነቀልኩ የመስታወት ክዳን።

በሳምንቱ የባቲ ሹፌር፣ መስኮቱን ዝቅ አድርጎ፣
‹‹ልኩ ነው ይላሉ›› አለና ሰጠኝ አንድ ቅል እርጎ።