ይለፍ

ሚያዝያ ነው በረሆቮት፣ ክሊኒኩ ሦስተኛ ፎቅ፣
የኖጋ ደረት ያፏጫል፣ ትንፋሽ ሲወጣ ሲጠልቅ።
ሐኪሟ በልጄ ክንድ ላይ በሰማያዊ ብዕር
ቁጥር ጻፈች፤ ከየቁጥሩ ጎን ጠብታ፣ በመርፌ ጫር።
ድመት፣ ስንዴ፣ ኦቾሎኒ፣ ጥድ፣ የቤት አቧራ፣
በዘጠነኛው ቁጥር የወይራ ብናኝ። ወይራ!
ሌላው ሁሉ ዝም አለ። እሱ ብቻ ሽምብራ አህሎ
አበጠ፣ ቀላ፣ ልጅቱን «እከኪኝ፣ እከኪኝ» ብሎ።

አያቷ ያልጋነሽ፣ ከዘራዋን ተደግፋ፣
«ወይራ?» አለች። «የኛ ወይራ? ደግሞ እሱ ምን አጠፋ?
የወተት ቅል ያጠንኩበት፣ የአጥሬ ካስማ፣ የደጄ ጥላ፣
ጥርሴን የፋቅሁበት እንጨት፣ ዛሬ የልጄን ልጅ ጠላ?»

ሐኪሟ ቅጽ አወጣች፤ እኔ አስተረጉማለሁ፤
«በቤተሰብ አስም? ሽፍታ? ማሳከክ?» ብዬ እጠይቃለሁ።
እናቴ ሳቀች፦ «ማስነጠስ ደግሞ ማን ቆጠረ?
እኛ ዘንድ ቆጠራው ሌላ ነበረ።
በየሁለት ወሩ ኮሶ፤ አባትሽ ይርጋ ሲጠጣ
አፍንጫውን ይዤለት፣ ከጓሮ ትሉ እስኪወጣ።
የአንገረብ ውሃ፣ ከብቱም እኔም ከአንድ ኩሬ፤
የሱዳን ንዳድ፣ ሦስቴ ተለቅሶልኝ፣ ይኸው አለሁ እስከ ዛሬ።
አንቺን በሆዴ ይዤ፣ ሌት ስሄድ፣ ቀን ስደበቅ፣
የጠጣሁትን ጠጥተሻል፤ ወድቀሻል እኔ ስወድቅ።»

ለኮሶ ሣጥን የለውም ቅጹ፤ ለአንገረብም ለንዳድም።
ጠርዙ ላይ በእርሳስ ጻፍኩ። ሐኪሟ አልሳቀችም።
«ደም ይማራል ከኖረበት» አለች፤ «ያስተምር እንደሁ ለልጅ፣
እየጠየቅን ነው። አናውቅም ገና።»
                                   እኔ ግን ዘብ ቆሞ ከደጅ

ታየኝ፤ ከወገራ ወዲህ ጦሩን ወድሮ ያልተኛ፣
ትል ጠፍቶበት፣ ንዳድ ጠፍቶበት፣ ሥራ የፈታ ዘበኛ።
የሚለውጠው ተረኛ አጥቶ፣ ያቆሙት ሰዎች ሞተው፣
የሚያዝያ ነፋስ ቢጫ ብናኝ በልጄ አፍንጫ ሲያስገባው
«ማነህ?» ይላል፣ በአማርኛ።
ብናኙ መልስ የለውም።
ይወጋዋል።
ዘር ከልጓም ይስባል አሉ፤ እኔ ልጓሙን አላየሁ፤
ልጄ ስታስነጥስ ግን ሲስባት በዓይኔ አየሁ።

ነርሷ ክንዷን በአልኮል ጠርጋ፣ መርጫ ሰጥታ ሸኘችን፤
ከአውቶቡስ ማቆሚያው ፊት፣ አደባባዩ ላይ፣ አንድ ወይራ ጠበቀን።
አቧራ የጠጣ፣ ጎባጣ፣ መኪና የሚዞረው።
እናቴ ከዘራዋን ቀስራ ብዙ ጊዜ አየችው።
ከዚያ የኖጋን ክንድ ያዘች፣ ካበጠው ላይ አጎነበሰች፦
«እንትፍ! እንትፍ! ዘመድ ነው፤ ይለፍ በሉት» አለች።

«ሳቭታ! ይቆሽሻል!» ብላ ልጄ በዕብራይስጥ ጮኸች።
መሐረብ አወጣሁ።
በእጄ ይዤው ቆምኩ።
አውቶቡሱ እስኪመጣ ደረቀ።