ኂ

ከወደቡ በላይ፥ ከባጃጆች ተራ፣
ጽሕፈትና ኮፒ፥ የእንጀራዬ ሥራ፤
ሰሌዳዬ ላይ ግን፥ “ጽ” በነፋስ ወልቃ፣
“ሕፈት” ናት የቀረች፥ በዝናብ ተጠምቃ።

ማክሰኞ ረፋድ ላይ፥ ጋሽ አይሸሹም መጡ፣
የሙት ዓመት ጥሪ፥ ወረቀት ሊያወጡ።
“ስሟን ከፍ አድርጊው፥ ወፈር ያለ ይሁን፣
የቀረው ቢቀጥን፥ ማን ያየዋል አሁን።
ሃምሳ ፍሬ ይበቃል።”

“ወይዘሮ” አልኩና፥ ስሟን ስጀምረው፣
ባዶ ሳጥን ሆነ፥ ፊት የተገተረው።
“ኂሩት” ነው ስማቸው፤ ፎንቱ ግን ጌጠኛ፣
“ኂ”ን ከደጅ አስቆመ፥ እንደ ሹም በረኛ።

“ጋሼ፥ በሃሌታው፥ በ‘ሂ’ ብጽፈውስ?
ድምፁ እንደሁ ያው ነው፤ ማን አለ የሚወቅስ?”

ዝም አሉ። ደረሰኝ፥ እጥፋቱ የሳሳ፣
ከኪስ አወጡልኝ፤ “ከዘጌ የተነሳ
ሦስት ኩንታል ጌሾ፥ ባሕር ዳር ወደብ ገባ” ይላል፤
ከሥሩ በሰማያዊ ቢክ አንዲት “ኂ”፥ ሌላ ምንም።

“መዝገብ ቤት ነበረች፥ እዚሁ ወደቡ ላይ፤
ሃያ ስድስት ዓመት።
ስሟን ሙሉ አትጽፍም፤ ጀልባው ይጮኻል፥ ሰው ተሰልፏል፣
‘ኂ’ ብላ ታልፋለች።
በ‘ሂ’ ከጻፍሽልኝ የሌላ ሴት ተዝካር ነው፤
እኔ ራሴ አልሄድበትም።”

መብራት ሄደ። መጣ። ፎንት በፎንት ቀየርኩ፤
አንዱ “ኂ” አለው፥ ግን ቀጫጫ፥ ራብ የመታው፤
አንዱ ደንዳና፥ የሆቴል ማስታወቂያ የለመደ፤
አንዱ ከቃላቱ መሃል ሁለት ነጥቡን ሁሉ ውጧል።
ከጣና የመጣ ነፋስም ናሙናዎቼን ከጠረጴዛ አንስቶ
አስፋልቱ ላይ፥ ባጃጆቹ ጎማ ሥር ዘራቸው።

በመጨረሻ ደረሰኙን ስካነሩ ላይ አስተኛሁት።
ጌሾውን ቆረጥኩ፥ ኩንታሉን ቆረጥኩ፥ ማኅተሙን አጠፋሁ፤
እሷን ብቻ አስቀርቼ፣
ከነሰማያዊዋ “ሩት” አጠገብ አቆምኳት።

አልገጠመችም።
ከመስመሩ ትንሽ ከፍ አለች፥ እግሯን ወደ “ሩ” ዘርግታ፤
ባወርዳት ትጋጫለች፥ ባሳንሳት ትደበዝዛለች።
“ይቅርታ ጋሼ፥ ቀጥ አላለችልኝም።”

መነጽራቸውን አውልቀው
ወረቀቱን ወደ በሩ ብርሃን ይዘው ቆዩ።
“መቼ መስመር ጠብቃ ጽፋ ታውቅና” አሉ።

ከዚያ፥ ሳያዩኝ፦
“ስልሳ አድርጊው።”