ሲነካኩ

ማክሰኞ ማለዳ፣ አሞራ ገደል ዳር፣
ሐመሶ ቆሮሶ እየበለተ ነበር፤
አባ ኮዳው ቆሞ፣ እንደ አራጣ አበዳሪ አንገቱን ሰብሮ፣
ቢላው አዳለጠ፣ አውራ ጣቱ ላይ አረፈ ዞሮ።
መርፌም ክርም አልፈልግ አለ፤ በጨርቅ ጠቀለለው፤
የተቀደደ መረቡን ሊጠግን፣ ጉልበቱ ላይ ጣለው።

የኔ ሥራ ሌላ ነው፤ ሆስፒታል፣ ምድር ቤት፣
ከሰው የተቆረጠ ሥጋ በሰም አቅፌ፣
ከሽንኩርት ልጣጭ አሳስቼ፣
በሐምራዊ ቀለም ነክሬ፣ መስታወት ላይ አሳርፌ፣
ማየት።
ስም አይመጣልኝም። ቁጥር ነው የሚመጣልኝ።

ሕዋስ ጡብ ይመስለኝ ነበር፣
የተደረደረ፣ የተለሰነ፣ ዝም ያለ አጥር።
ጡብ ግን ጎረቤቱን አያውቅም።
ሕዋስ ያውቃል።
ክሩ ከሆዱ ተነስቶ፣ ጠርዙ ላይ ወጥቶ፣
ይቋጠራል ከወዲያኛው ክር ጋር ተገናኝቶ፤
አንዱን ስትስበው ሰባቱ ይሰማቸዋል፤
ቆዳ ሸክሙን የሚችለው እንዲህ ተካፍሎ ነው፣
እንደ ሐመሶ መረብ።

ቀዳዳም አላቸው፣
ከግድግዳ ግድግዳ የሚያሻግር፤
ጨው ያልፍበታል፣ የጭንቅ ወሬም ያልፋል፣ ሳይነገር።
ልብ የሚመታው በዚያ ነው፤
አንዱ «አሁን» ይላል፣
ሺው አብሮ ይጨብጣል።

ታቦር ሥር፣ በተከራየሁት ግቢ፣
በኔና በወይዘሮ ዘርትሁን መካከል
በዛገው ቆርቆሮ ላይ፣ ቡጢ የምታህል
ቀዳዳ ነበረች።
በዚያ ጨው ሰጥታኛለች፤ ቻርጀር አውሼአታለሁ፤
«መብራት እናንተም ጋ ጠፋ?» ተባብለናል።
ሐምሌ ላይ አከራዩ አዲስ ቆርቆሮ መታበት።
ግቢው አማረበት።
እሷ ሦስት ቀን በትኩሳት ወድቃ፣
እኔ የሰማሁት በአራተኛው፣ ዳቦ ልገዛ ወጥቼ፣
ከባለ ሱቁ አፍ ነው።

ሐሙስ ሐመሶን አየሁት። ጨርቁን ፈታልኝ።
የቁስሉ ከንፈር ሮዝ ሆኗል።
«አሁን» አልኩት «ጠርዝ ላይ ያሉት ቋጠሯቸውን አላልተው፣
ይሳባሉ፣ እጃቸውን ዘርግተው፣
ከማዶ የሚመጣውን እየፈለጉ።»
«እንደ ጀልባ?»
«እንደ ጀልባ። በጨለማ።»
«ሲገናኙስ?»
«ሲነካኩ ይቆማሉ።
አለቃ የለም፣ ፊሽካ የለም፤
ትከሻ ትከሻን ሲያገኝ በቃ ይላሉ፣ እንደገና ይቋጠራሉ።»
ሳቀ። «የኛም ማኅበር ስብሰባ እንዲህ ቢያልቅ!» አለ።

አርብ ማታ። ቁጥር ሁለት መቶ አሥራ ሰባት፣ ከጨጓራ።
ሌንሱን ባዞር፣ ባቀርብ፣ ባርቅ፣
ቋጠሮ የለም።
እያንዳንዱ ለብቻው፣ አስኳሉ ጥግ ተገፍቶ፣ ቀለበት መስሎ፣
በሌላው መሃል ይሽሎከለካል፣ ተራውን ጥሎ።
ነካው፤ አልቆመም።
ተጠራ፤ አልሰማም።
ክፉ ነው አልልም፤ ክፋት የሚያስብበት ጭንቅላት የለው፤
እጅ መያዝ ነው የረሳው።
ያየሁትን ጻፍኩ። ለሐኪሙ አስቀመጥኩ። የማይክሮስኮፑን መብራት አጠፋሁ።
ቁጥሩ ግን፣ በዚያች ሰዓት፣
የሆነ ቤት ከልጆቹ ጋር እራት ይበላ ነበር ይሆናል።

በሳምንቱ ከሐመሶ ፒንሳ ተዋስኩ።
ሲያቀብለኝ አየሁት፤ አውራ ጣቱ ላይ
ቀጭን መስመር ብቻ ቀርታለች፣ እንደተጠገነ የመረብ ዓይን።

ምስማሩን አንድ ባንድ ነቀልኩ፤
አከራዩ ሊቆጣ ይችላል፣ ይቆጣ።
የቆርቆሮው ጥግ መታጠፍ ሲጀምር፣
ከወዲያ በኩል ጣቶች መጡ፣ ጠርዙን ይዘው የሚስቡ።
ስትጠብቀኝ ነበር? አልጠየቅኩም።
ጣቷ ጣቴን ነካው።
ቆምን።